ውሻው የግል ነው፤ ንክሻው ግን የሕዝብ

በየከተማችን በቆርቆሮና በብረት በሮች ላይ ከሁሉም ይልቅ የተለመደ ጽሑፍ ቢኖር «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለው ነው። አንዱ በቀይ ቀለም፣ ሌላው በከሰል፣ ሌላውም በልጅ እጅ ከተሣለ የውሻ ራስ ጋር አድርጎ ይጽፈዋል። ጽሑፉ ለእንግዳ ማስጠንቀቂያ፣ ለሌባ ማስፈራሪያ፣ ለባለቤቱም መኩሪያ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ማስጠንቀቂያ ትርጉም የሚኖረው ውሻው ከበሩ በስተውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ያው በር ተከፍቶ ውሻው ወደ ጎዳና ሲለቀቅ፣ ጽሑፉ በበሩ ላይ ተለጥፎ ያድራል፤ ኃይለኛው ውሻ ግን ከመንገደኛው ጋር ይገናኛል።

ከሌሊት ፈረቃ የሚመለስ ሠራተኛ፣ ለኪዳን የምትነሣ እናት፣ ለንጋት ሶላት የሚወጣ አባት፣ ከዘብ ጥበቃ ተተክቶ ወደ ሠፈሩ የሚያዘግም ወታደር፣ ሁሉም በእጃቸው ድንጋይ ወይም በትር ይዘው የሚሄዱት ጠላት ፈርተው አይደለም። የጎረቤታቸውን ውሻ ፈርተው ነው። አንድ ሰው ንብረቱን ለመጠበቅ ሲል የአንድን መንደር እግር ማሠር ይገባዋልን? የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይኸው ጥያቄ ነው።

ውሻን ለማውገዝ የተነሣን እንዳንመስል አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ውሻ ከሰው ልጅ ጋር ከኖሩት እንስሳት ሁሉ ቀዳሚው ነው። በገጠር ከእረኛው ጋር ከብት ይጠብቃል፤ ጅብና ቀበሮ ሲመጣ ቀድሞ ይጮኻል፤ በከተማ የደከመ ቤተሰብ እፎይ ብሎ እንዲተኛ ያደርጋል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው የአባቶች ብሂል የታማኝነቱ ምስክር ነው። ነገር ግን ብሂሉን ገልበጠን ስናየው ሌላም ቁም ነገር ይነግረናል፦ ውሻው ለበላበት ታማኝ ከሆነ፣ ያበላውም ሰው ስለ ውሻው ጩኸትና ንክሻ ተጠያቂ ነው ማለት ነው። ይህን ቁም ነገር እኔ የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም።

መከታ

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ ጠቅላይ ግዛት ከተማ ዳር በሠፈረ ጦር ውስጥ አገለግል ነበር። በዚያ ጦር ሠፈር ወጥ ቤት አጠገብ አንድ ቡናማ ውሻ ነበር፤ ወታደሮቹ «መከታ» ብለው ይጠሩታል። ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። ወጥ ቤቱ አጥንት ይጥልለታል፤ ዘቦቹ ሌሊት አብሯቸው ስለሚያድር ይወዱታል፤ እኔም ራሴ ከቁርሴ ዳቦ ቆርሼ የሰጠሁት ቀን ብዙ ነው። አንድ ቀን የእንስሳት ሐኪሞች ለክትባት ወደ ከተማው መጥተው እንደ ነበር አስታውሳለሁ። የከተማው ነዋሪ ውሻውን እየጎተተ ሄዶ አስከተበ። መከታን ግን የወሰደው የለም። ሐምሳ አለቃው የዘቡ ነው አለ፤ ዘቡ የወጥ ቤቱ ነው አለ፤ ወጥ ቤቱ የሻምበሉ ነው አለ። እኔም ሰምቼ ስቄ አለፍሁ።

ከዚያ ወራት በኋላ ሻምበሉ በግዳጅ ምክንያት ሠፈሩን ለቀቀ። ድንኳን፣ ድስት፣ ሣጥን፣ ሁሉም በዝርዝር ተቆጥሮ ተጫነ። በዝርዝሩ ላይ ያልነበረው መከታ ብቻ ነበር። ከመኪናው ኋላ ጥቂት ሮጦ ደከመውና በአቧራው መካከል ቆሞ ቀረ።

በሚቀጥለው ዓመት ለሥራ ወደዚያች ከተማ ስመለስ ከቀድሞው ሠፈር በር አጠገብ የሚቀመጥ አንድ አዛውንት ጫማ ሰፊ አገኘሁ። ከጦሩ መካከል ጫማው በእርሳቸው እጅ ያላለፈ ወታደር አልነበረም። ሰላምታ ሰጥቼ ስለ ጤናቸው ስጠይቃቸው ወዲያው አልመለሱልኝም። ጉጠታቸውን አስቀምጠው፣

«መቶ አለቃ፣ ያ መከታ የምትሉት ውሻ የእናንተ አልነበረም እንዴ?» አሉኝ።

«የሁላችንም ነበር፣ አባቴ» አልሁ።

«እንግዲያውስ የማንም አልነበረማ» አሉና ዝም አሉ።

ነገሩን በኋላ ጎረቤቶቻቸው ነገሩኝ። ውሻው ምግብ ሲያጣ ወደ ከተማው ገብቶ ከሌሎች ውሾች ጋር ይዞር ጀመር። ከጥቂት ወራት በኋላ በሥጋ ቤቶች አካባቢ ወደ ትምህርት ቤት ትሄድ የነበረች የእኒያ አዛውንት የልጅ ልጅ በቁርጭምጭሚቷ ላይ ነከሳት። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ በቅጠል ታሠረና ዳነ። ሁለት ወር ሲያልፍ ልጅቷ እግሯን ያቃጥላት፣ ትኩሳትም ይይዛት ጀመር። ቀጥሎም ውኃ ሲቀርብላት ጉሮሮዋ ይዘጋ፣ ነፋስ ሲነካት ትንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪም ቤት ደረሰች፤ ግን ዘግይታ ነበር። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች።

ውሻውን አስከትቦ ማሠር የአንድ ማለዳ ሥራ ነበር። ሥራው የማን እንደሆነ ባለመታወቁ ግን አንድ ሕይወት ጠፋ።

በሽታው እንዴት ይሠራል?

የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው በዓይን ከማይታይ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል፤ በንክሻ ወይም በቆሰለ ቆዳ በኩል ይገባና በነርቭ መሥመር ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ አንዳንድ ጊዜ ከሳምንት ያጠረ፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት የዘለቀ ሊሆን ይችላል። ሰዎችን የሚያዘናጋው ይህ ዕረፍት ነው። ቁስሉ ሲድን ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። አንድ ጊዜ ምልክቱ ከታየ ግን ከሞት የሚያመልጥ የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ክትባቱ በወቅቱ ከተሰጠ ደግሞ ሞቱን ፈጽሞ መከላከል ይቻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዚህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው ይሞታል። አብዛኛው ሟች የአፍሪካና የእስያ ሰው ነው። ከመቶው 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። በሰው ላይ ከሚደርሰው ሕመም ከመቶው 99 ያህሉን የሚያስተላልፈው ውሻ ነው። በአገራችንም በሽታው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1903 በአዲስ አበባ ወረርሽኙ ተነሥቶ እንደ ነበር በታሪክ ተመዝግቧል።

መድኃኒቱም እንዲሁ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1885 ዮሴፍ ሜስተር የተባለውን በውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ካዳነ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የአዲስ አበባ ሕዝብ የምርመራና የክትባት ተቋሙን ለብዙ ዘመን «ፓስተር» እያለ ሲጠራ የኖረውም በዚሁ ሊቅ ስም ነው። በዕድሜ የገፉት ነዋሪዎች በሆድ ላይ ለብዙ ቀናት በተከታታይ ይሰጥ የነበረውን መርፌ ዛሬም በፍርሃት ያስታውሱታል። ዘመናዊው ክትባት ግን በክንድ ላይ የሚሰጥ፣ በቁጥርም ጥቂት ነው። ያንን የቀድሞ መርፌ እያሰበ ከሐኪም የሚሸሽ ሰው ቢኖር ዘመኑ እንደተለወጠ ሊነገረው ይገባል።

የተነከሰ ሰው ማድረግ ያለበት አስቸጋሪ አይደለም። በመጀመሪያ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ ማጠብ ነው። ይህ ቀላል ሥራ ብዙውን ቫይረስ ጠርጎ ያወጣል። ቀጥሎ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሐኪም ቤት መሄድ ነው፤ የቁስሉ ማነስ አያዘናጋ። ቁስሉን በቅጠል ማሸት፣ በርበሬ ወይም አመድ መነስነስ ጊዜ ማጥፋት ነው። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ ጸሎትና ክትባት አይጣሉም፤ ክትባቱ ግን አይዘግይ።

የነከሰው ውሻ ከተያዘና አደጋ ሳያደርስ ማሠር ከተቻለ፣ ገድሎ ገደል ከመጣል ለ10 ቀን በእንስሳት ሐኪም ቁጥጥር ሥር ማቆየት ይጠቅማል። በ10ኛው ቀን ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ በነከሰበት ዕለት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሲጣራ ግን የተነከሰው ሰው ሕክምናውን መጀመር እንጂ ቆሞ መጠበቅ የለበትም።

የባለቤቱ ግዴታ

አንድ ሰው ውሻ አሳደገ የሚባለው ፍርፋሪ ስለ ጣለለት አይደለም። የአሳዳሪነት መለኪያው ከአጥር ውጭ ነው።

የመጀመሪያው ግዴታ ክትባት ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዘው መሠረት በየጊዜው ይደገማል። ሊቃውንቱ እንዳረጋገጡት በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶው 70 ያህሉ ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። ስለዚህ ውሻውን የሚያስከትብ ሰው ግቢውን ብቻ ሳይሆን የመንደሩን ልጆች ሁሉ ይጠብቃል። የማያስከትበውም በተቃራኒው ነው። የተከተበ ውሻ ባለቤቱ የሚታወቅበት ምልክት በአንገቱ ላይ ቢኖረው ጥርጣሬንም ጠብንም ያስቀራል።

ሁለተኛው በር መዝጋት ነው። ብዙ ሰው ውሻውን ቀኑን ሙሉ በክንድ ያህል ሰንሰለት አሥሮ ያውለውና ሌሊት ወደ መንገድ ይለቀዋል። ፀሐይና ጥም ሲያንገበግበው የዋለ ውሻ ሲፈታ ምን እንደሚሆን ለመገመት የእንስሳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ውሻው በግቢው ውስጥ ይፈታ፤ ጥላና ውኃ ይኑረው፤ በሩ ግን ይዘጋ። ወደ ጎዳና ሲወጣ ሊቆጣጠረው በሚችል አዋቂ ሰው እጅ በገመድ ተይዞ ይውጣ። ተናካሽነቱ የታወቀ ከሆነም አፉ ይሸበብ። የስምንት ዓመት ልጅ ከራሱ የሚከብድ ውሻ ሲጎትተው ማየት ለተመልካች ያስቅ ይሆናል፤ ገመዱ ሲያመልጠው ግን የሚስቅ አይገኝም።

በጦር ሠራዊትና በፖሊስ አሠራር የሠለጠነ ውሻ በያዡ በስተግራ፣ ከጉልበቱ ትክክል ይሄዳል፤ የያዡ ቀኝ እጅ ለሥራ ነፃ ይሆናል። ሳይታዘዝ አይጮኽም፤ ሳይፈቀድለት አይነሣም። ይህ ጠባይ ከተፈጥሮ የመጣ አይደለም፤ የሰውየው ትዕግሥትና ሥነ ሥርዓት ወደ እንስሳው የተላለፈበት ነው። በጎዳና ላይ ሥርዓት የሌለው ውሻ ያየ ሰው ትዝብቱን በውሻው ላይ አያሳርፍ።

ሦስተኛው ለጎረቤት ማሰብ ነው። በከተማ የምንኖረው ልማዳችንና እምነታችን ልዩ ልዩ የሆነ ሰዎች ጎን ለጎን ነው። ውዱእ አድርጎ ወደ መስጊድ የሚሄድ ሙስሊም ጎረቤት የውሻ ምራቅ ልብሱን ቢነካው ተመልሶ መታጠብ ግድ ይሆንበታል። በክርስቲያኑም ዘንድ «ቤተ ክርስቲያን እንደ ገባች ውሻ» የሚለው አነጋገር ነገሩ ምን ያህል የተነወረ እንደሆነ ያሳያል። ለአንተ እጅህን የሚልስ ወዳጅ የሆነው እንስሳ ለሌላው ጭንቀት ሊሆን እንደሚችል ማወቅ የከተማ ሰው ጨዋነት ነው። «አይናከስም፤ አትፍሩ» ማለት መልስ አይሆንም። ውሻውን ወደ ራስ ሳብ አድርጎ መንገድ መልቀቅ ግን መልስ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኽ ውሻም ሕመምተኛ ወይም አራስ ላለችበት ቤት ምን እንደሚሆን ማሰብ ያስፈልጋል።

አራተኛው ጽዳት ነው። በበዓል ቀን በግ ስናርድ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት የምናገኝበት ጊዜ አለ። «የታመመ ነው» ብለን ለውሻ እንወረውረዋለን። ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው የትል ዕጭ በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ በአትክልት፣ በውኃና በልጆች እጅ በኩል ወደ ሰው ይገባና ያንኑ ከረጢት በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያበቅላል። እንግዲህ እንዲህ ያለው የእርድ ተረፈ ሥጋ መቀበር ወይም መቃጠል አለበት እንጂ ወደ ጉድባ መጣል የለበትም። ውሻው በጎዳና ወይም ልጆች በሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ሲጸዳዳም ባለቤቱ ዞር ብሎ ማለፍ የለበትም፤ በወረቀት ወይም በአካፋ አንሥቶ ማስወገድ ይገባዋል። ሥጋ ቤቶችና ምግብ ቤቶችም አጥንታቸውን በደጃፋቸው ባይበትኑ ውሻውን በዚያ የሚሰበስበው አይኖርም።

አምስተኛው አለመጣል ነው። ውሻይቱ ስትወልድ ቡችሎቹን በካርቶን አድርጎ ገበያ ዳር ጥሎ መሄድ፣ ቤት ሲለወጥ ውሻውን ትቶ መሄድ፣ እኛም እንዳደረግነው ሠፈር ሲነሣ ከኋላ አስቀርቶ መሄድ ችግሩን ለሌላው ማስተላለፍ ነው። ለማሳደግ ያልተዘጋጀ ሰው ከመጀመሪያው ባያሳድግ ይሻላል።

ድንጋይና መርዝ

ባለቤቱን ብቻ ወቅሰን ሌላውን ብንተው ፍርዱ የጎደለ ይሆናል። ልጆቻችን ተኝቶ የሚያዩትን ውሻ ሁሉ በድንጋይ ይመታሉ፤ እኛም ቆመን እናያለን። በድንጋይ ያደገ ውሻ የሰው እጅ ከፍ ሲል ባየ ቁጥር ይናከሳል፤ በኋላም የሚነክሰው ድንጋይ የወረወረውን ልጅ ሳይሆን መጽሐፉን ይዞ የሚያልፈውን ነው። ልጆች ሊማሩት የሚገባው ሌላ ነው፦ የማያውቁትን ውሻ አለመንካት፣ የሚበላን ወይም ቡችሎች ያሏትን አለመቅረብ፣ ውሻ ሲመጣባቸው ጀርባ ሰጥቶ ከመሮጥ ረጋ ብሎ መቆም፣ ቢነከሱም ቅጣት ፈርተው ከወላጅ አለመደበቅ።

በየጊዜው የጎዳና ውሾች ሲበዙ ሥጋ በመርዝ ለውሶ በሌሊት መበተን በብዙ ከተሞች የተለመደ ነበር። ጠዋት በየመንገዱ ሬሳ ይለቀማል። መርዙ ግን የተከተበውንና ያልተከተበውን አይለይም፤ ባለቤት ያለውንም ይገድላል፤ ለሕፃናትም አደጋ ነው። የቆሻሻው ክምር በቦታው እስካለ ድረስ ደግሞ የሞቱትን ውሾች ቦታ ከሌላ ሠፈር የመጡ ያልተከተቡ ውሾች በቅርብ ጊዜ ይይዙታል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በብዛት መግደልን ሳይሆን በብዛት መከተብን ነው።

የጉዳቱ ስፋት ከከተማ አጥር ያልፋል። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ዓለም የማይገኝ እንስሳ ነው፤ ቁጥሩም ወደ 500 ገደማ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በውሾች አማካይነት የገባ የእብድ ውሻ በሽታ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። ለቱሪስት በኩራት የምናሳየውን የአገር ቅርስ የፈጀው ያልተከተበ የመንደር ውሻ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2071ኛው አንቀጽ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ሕጉ «አመለጠኝ» ወይም «እንዲህ ያደርጋል ብዬ አልጠረጠርሁም» የሚለውን ምክንያት አይቀበልም። ውሻው ሳይታሰብ ቢያመልጥም ኃላፊነቱ አብሮ አያመልጥም።

ሆኖም ጎረቤትን ከጎረቤት ፍርድ ቤት ከማቆም በፊት ሌላ መንገድ አለ። የቀበሌ ሰዎች በመንደራቸው ስንት ውሻ እንዳለና የማን እንደሆነ ለይተው ቢያውቁ፣ የክትባት ቀን ሲነገር በእድርና በየእምነት ቤቱ ቢያስተላልፉ፣ ሥራው ሊከብድ አይችልም። በየጦር ሠፈሩም የውሻ ጉዳይ እንደ ማናቸውም የንብረት ጉዳይ ይታይ፤ ሠፈሩ የሚመግበው ውሻ ሁሉ ስሙ የተጻፈ አንድ ኃላፊ ይኑረው፤ ጦሩ ሲነሣም ለማን እንደሚተላለፍ አስቀድሞ ይወሰን። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚታሰበው እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ነው። ይህም በእኛ አቆጣጠር በመስቀል በዓል ሰሞን ይውላል። ደመራ ስናበራ መንደራችንን አስበን፣ በማግሥቱ ውሻችንን ይዘን ወደ እንስሳት ጤና ጣቢያ ብንሄድ ለበዓሉ ተጨማሪ ክብር ይሆነዋል።

«ኃይለኛ ውሻ አለ» ብሎ በበሩ ላይ የጻፈ ሰው ጽሑፉን አይፋቀው፤ ከሥሩ ግን ሊሞላው የሚገባ ነገር አለ። ውሻው ተከትቧልን? በሩ ዛሬ ማታ ይዘጋልን? ባለቤቱስ ማን ነው? እኒያ ጫማ ሰፊ አዛውንት የጠየቁኝ ይህንኑ የመጨረሻውን ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ የምመልሰው አልነበረኝም። ይህን የሚያነብ ሁሉ፣ ወታደርም ሆነ ነዋሪ፣ ከደጁ የሚበላ ውሻ እንዳለ ይመልከት፤ ካለም «የእኔ ነው» ብሎ ዛሬውኑ ይውሰደው።